ቀኛዝማች ያሠሩት መጦሪያ

ቀኛዝማች አድነው ከእናታቸው እልፍኝ ፊት ለፊት ያለውን የበቅሏቸውን የድሮ ጋጣ ኖራ አስቀብተው «የአረጋውያን መጦሪያ» አሉት። መሬቱን ለእሳቸው ያወረሰ አዛውንት ሁሉ እስኪሞት እዚያ እንደሚጦር አስነገሩ።

በወንዙ ዳር ለም መሬት ያላት፣ ልጅ የሌላት አንዲት ባልቴት ነበረች። ቀኛዝማች የአገር ሽማግሌዎችን ሰብስበው አስጠሯትና ቤቱን አሳዩአት። ፋንድያው ተጠርጓል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ባልቴቷ ጨነቃት። ቤቱን ብትነቅፍ ጌታን መድፈር ነው፤ ብታመሰግን ደግሞ መሬቷ መሄዱ ነው።

«እንዲህ ያለ ቤት ለወለደችኝ እናቴም አላገኝላት!» አሉ ቀኛዝማች ደረታቸውን ነፍተው። «በይ፣ እዚሁ ሽማግሌዎቹ ፊት እሺ በይ።»

ባልቴቷ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ቤቱማ እጅግ ያምራል። የፈራሁትም ስላማረ ነው። እናትዎ በዕድሜም በክብርም ይበልጡኛል። እሳቸው ሳይገቡበት እኔ ደሀዋ ቀድሜ ብገባ አገሬው ምን ይለኛል? ዛሬውኑ እሳቸው ይግቡበት። እኔ ግድ የለም፣ እሳቸው በለቀቁት እልፍኝ እንደምንም እችለዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ፣ «እውነቷን ነው፣ ታላቅ ይቅደም» አሉ።

ቀኛዝማች በድንጋጤ ወደ እልፍኙ መስኮት አዩ። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ እንጂ! ትሰማሻለች!»

ባልቴቷ ይህን ስትሰማ ወደ መስኮቱ ዞረችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እመቤቴ! ደስ ይበልዎ፣ ልጅዎ እርስዎ የሚጦሩበትን ቤት . . .»

«መሬትሽ ላንቺ ይሁን!» አሉ ቀኛዝማች አፏን ሊይዙ እየተንደረደሩ። «ብቻ ዝም በይልኝ!»