የሁለት አለቆች ፊርማ

በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለት አለቆች ነበሯት። አቶ ወልደሰንበት ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ ናቸው፤ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አይነኩም። ኪሩቤል ደግሞ ገና ሠላሳ ያልሞላው ነው፤ በቴሌግራም ያልተላከለትን አያነብም። እሷም የሽማግሌውን ደብዳቤ ፎቶ እያነሳች ለወጣቱ ስትልክ፣ የወጣቱን መልእክት ፕሪንት እያደረገች ማኅተም ስታስመታ ዓመቱ አለቀ።

የሥራ ውሏ በሚያበቃበት ቀን ውሉን ለማሳደስ ሁለቱ ወዳሉበት ቢሮ ገባች። ሁለቱም ካልፈረሙ ሥራዋ ቀረ። እነሱ ግን ክርክር ላይ ነበሩ።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ» አሉ አቶ ወልደሰንበት። «ከሁለታችን ሥራ አዋቂው ማን ነው? ሳትነግሪን ፊርማ የለም።»

«አትፍሪ፣ እህቴ» አለ ኪሩቤል። «እውነቱን ብቻ።»

አንዱን ብትመርጥ ሌላው እንደማይፈርም ገባት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሁሉንም ነገር ‹ነገ ይደርሳል› ይላሉ። አቶ ኪሩቤል ደግሞ ‹ትናንት ማለቅ ነበረበት› ይላሉ። ነገንና ትናንትን ተከፋፍላችሁ ስለያዛችሁ፣ ለእኔ የተረፈኝ ዛሬ ብቻ ነው፤ የምሠራውም እዚያው ነው። እስቲ ለአንድ አፍታ ወደ ዛሬ ብቅ በሉና ፈርሙልኝ።»