ሁለት ዕቃ ስልጆ

አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ትርንጎ የመጀመሪያ ሥራዋን አግኝታ ወደ ሩቅ ቆላ ከተማ ልትሄድ ነው። ጊዜው ጾም ስለነበር እናት ለስንቅ ስልጆ ሠራች። የሱፍ ውሃና የባቄላ ዱቄት አብስላ አቀዘቀዘችው፤ ከጎረቤት ካመጣችው የቆየ ስልጆ ጥቂት ጣል አድርጋበት ከድና አስቀመጠችው።

ቆይታ ብትከፍተው አረፋ ይዟል፤ ኮምጥጧል። ይሄ ልጄን ይገድልብኛል ብላ ልትደፋው ስትል ጎረቤቷ እትዬ ደጊቱ ደረሱባት።

«ካልኮመጠጠማ ሽሮ በዪው እንጂ፣ ምኑን ስልጆ ሆነ?» ብለው ሳቁባት።

አፈረች፤ አላመነችም ግን። ሌላ አዲስ አብስላ፣ ሳይኮመጥጥ፣ በፈላ ውሃ በታጠበ ዕቃ ሞላች። ኮምጣጣውን ለእትዬ ደጊቱ ይሉኝታ፣ አዲሱን ለልጇ ጤና ብላ ሁለቱንም ሰጠቻት። ከአዲሱ ብቻ እንድትበላም አስጠነቀቀቻት።

እናንተስ የቱን ታምኑ ነበር? የታጠበውን አይደለም?

ትርንጎ የተሳፈረችበት መኪና ቆላ ወርዶ ተበላሸ። መንገደኛው በዚያ ሙቀት ውሎ አደረ። ሲነጋ ትርንጎ ደወለች።

«እማዬ፣ አዲሱ ሸተተና ደፋሁት። ኮምጣጣውን በላነው።»

«በላነው? ከማን ጋር?»

«ከመንገደኛው ጋር ነዋ። ሰው እየራበው ብቻዬን ልብላ?»

እናት ባለችበት ተቀመጠች። መኪና ሙሉ ሰው ፈጀሁ አለች በልቧ። ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ሰነበተች። ከቀናት በኋላ ትርንጎ ደወለችላት። ማንም ሆዱን አልታመመም፤ ሹፌሩ እንዲያውም አሠራሩን ጠይቂልኝ ብሏታል። እናት ያን ጊዜ እህል ቀመሰች።

ምን ሆነ? በኮምጣጣው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደጋግ ተሕዋስያን አሉ። ምግቡን ቀድመው ይይዙታል፤ ያኮመጥጡታል። በዚያ ኮምጣጣ መካከል ክፉዎቹ መራባት ይቸግራቸዋል። አዲሱስ? ንጹሕ ነበር፤ ግን ባዶ ቤት ነበር። ቀድሞ የደረሰ ገባበት።

የኮመጠጠ ሁሉ ደህና ነው አልላችሁም። እጅም ይታጠብ፣ ዕቃም ይታጠብ። ግን እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችንን ስናሳድግ ማጠብ ብቻ አይደለም ወይ የምናውቀው? ከዚህ አትግጠም፣ ያን አትስማ፣ በሩን ዝጋ። ልባቸውን እናጸዳለን። ከዚያስ? ማን እንዲገባበት ነው?

መልካሙን ቀድማችሁ አስገቡ። ጸሎቱን፣ ርኅራኄውን፣ የተራበን አይቶ አለማለፉን። ከዚያ ከድናችሁ ታገሡ፤ አረፋውን አይታችሁ አትደንግጡ።

ልጃችሁ እጃችሁ የማይደርስበት መንገድ ላይ የሚቆምበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ተቀመጡ፤ ተንፍሱ። ውስጡ ጠባቂ አለ።