የስንሻው ዳቦ

በአንድ ወቅት፣ ገደል የሚለያቸው ሁለት መንደሮች አንድ ዓይነት የውኃ ሕግ ነበራቸው፤ «ቦይ የጠገነ የማኅበር አባል ቀድሞ ያጠጣ» የሚል። የማዶዎቹ በዚህ ሕግ በዓመት ሁለቴ ሽንኩርት ያነሣሉ። የእኛዎቹ በዚያው ሕግ ዘር ይለምናሉ። አባል የሚሆነው ከአባላቱ ጋር ዳቦ የቆረሰ ነው። ማዶ ማንም ይቆርሳል። እኛ ዘንድ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ደም ተቃብተውም ቢሆን ፊታቸውን አዙረው ይቆርሳሉ፤ ከቀጥቃጭ ጋር ግን ማንም አይበላም። ማረሻውን ከእጁ ይቀበላሉ፣ እህሉን ይጸየፋሉ።

በሚያዝያ የመንደራችን ግድብ የብረት መዝጊያ ተሰብሮ ውኃው ወደ ገደሉ ይነጉድ ጀመር።

የላይ ሰፈሩ ገበሬ ደምለው ቀዳዳውን በአፈር ጆንያ ደፍኖ፣ ጆንያውን በጀርባው ደግፎ ውኃ ውስጥ ዋለ፣ አደረም። ሲያወጡት እግሩ አልታዘዘውም።

አዲስ መዝጊያ ለመሥራት ብረት ጠፋ። የታች ሰፈሯ ጥሩወርቅ ባሏን የገደለባት የላይ ሰፈር ሰው ነው፤ ለደሙ መመለሻ የባሏን ጠመንጃ ደብቃ ኖራለች። እሱንም ማረሻዋንም አምጥታ «ይቅለጥ» አለች።

ቀጥቃጩ ስንሻው ደግሞ ወናፉን እየነፋ ሲቀጠቅጥ ዋለና መዝጊያውን ገጠመው። ውኃው ቆመ።

ግን የተረፈው ለአንድ ማሳ ብቻ ነበር። የሦስቱም አዝመራ ጠውልጓል፤ ያልጠጣው ዘንድሮ ቤቱ ይራባል።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ደምለው ያለ እኔ ጠብታ አይተርፍም ነበር አለ። ጥሩወርቅም የባሏን ደም አቅልጣ መስጠቷን አስታወሰች። ስንሻው ሊናገር ሲነሣ፣ አባል አይደለህምና ተቀመጥ አሉት።

እሱ አልተቀመጠም። ከአገልግሉ ዳቦ አውጥቶ ዘረጋ።

«አንድ ሰው ይቁረስልኝና አባል ልሁን።»

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡ። ደምለው መሬት መሬቱን አየ። ጠመንጃውን የሰጠችው ጥሩወርቅ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ቱ! እንዲህ ዳቦ የሚጸየፍ ሰው በየትኛው ሕግ ይጠግባል?

ስንሻው ዳቦውን መልሶ አገልግሉ ውስጥ ከተተና ሄዶ የመዝጊያውን እጀታ ያዘ። ውኃውን ወደ ገደሉ ሊለቀው ነው፣ አይደለም እያሉ እስካሁን ይጨቃጨቃሉ።

በሉ እናንተ ፍረዱ። ውኃውን በገላው ላቆመው፣ ቂሟን ላቀለጠችው ወይስ መዝጊያውን ለሠራው፣ ለማን ይገባል? ከመፍረዳችሁ በፊት ግን፣ ያን ዳቦ የሚቆርስ ከመካከላችሁ አለ?