የአንጓች ጥፍር

በቁልቋል በር ሰዎች ዘንድ የአንጓችን ነገር የሚያነሳ ሰው አስቀድሞ የራሱን ጥፋት ይናገራል። ልማዱ ከየት እንደመጣ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ። እኔም የዚያ አገር ልጅ ነኝና ልማዱን አልዘልም።

ታናሽ እህቴ ጭንቀት ይዟት፣ ልቧ እየመታ፣ እንቅልፍ አጥታ ቤቴ መጣች። ከፋርማሲ ገዝቼ የምወስደው የማግኒዥየም እንክብል ነበረኝ፤ እኔን ትንሽ ረድቶኛል። ብልቃጡን እንዳለ አስጨበጥኳትና ሥራ አለብኝ ብዬ ሸኘኋት። ስንት እንደሚዋጥ አልነገርኳትም። ኩላሊቷን እንደሚያማት እያወቅሁ ሐኪም ጠይቂ አላልኳትም። አጠገቧም አልተቀመጥኩም። ከልክ በላይ ውጣ፣ ሆስፒታል ከርማ ተረፈች፤ ደጄን ግን ዳግመኛ አልረገጠችም። ጥፋቴ ይህ ነው። አሁን ወደ አንጓች።

ዛሬ ገደል የሆነው ሜዳ ሳለ፣ ዛሬ ሜዳ የሆነውም ጫካ ሳለ፣ ቁልቋል በር የምትባል መንደር ነበረች። ዙሪያዋ በቁልቋል የታጠረ ነው። መግቢያዋም መውጫዋም አንድ ነው። ከመንደሯ በታች፣ ከሸለቆው ውስጥ አንድ ምንጭ ይፈልቃል። ውሃው ይመራል። ሰው ቢጠጣው ሆዱን ያላላዋል። ስለዚህ ማንም አይቀዳውም። ስሙም መራር ውሃ ነው።

በዚያች መንደር አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ መሬትም የላትም። የሰው እርሻ ታርማለች፣ የሰው ከብት ውሃ ታወርዳለች፣ የሰጧትን በልታ ታድራለች። ልጆች «የላሞች ሚዜ» እያሉ ይጠሯታል። እሷም «ሚዜነቱ መች ቀላል ሆነና፤ ሙሽሮቹ ይራገጣሉ» ትላቸዋለች።

ከአንጓች ጎጆ ቀጥሎ ዳሳሽ የምትባል ወጣት ሴት ከእናቷ ከእመት እንጉዳይ ጋር ትኖር ነበር። ይህን ሁሉ ያየችው ዳሳሽ ናት። እኛም የምንናገረው እሷ እንዳየችው ነው።

አንድ ዓመት በልጉ ጠፋ። ምድሩ አመድ መሰለ። ከዚያ ክረምቱ ባንድ ጊዜ ገባ። ሣሩ ለመለመ፣ እስከ ጉልበት ደረሰ። ሰው ደስ አለው። ከብቱም እስኪጠግብ ጋጠ። ላሞቹ ግን መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ጆሯቸው ይርገበገባል። ዓይናቸው ይፈጣል። እግራቸው ይገተራል። ከዚያ ይወድቃሉ፤ ከወደቁም አይነሱም። በረሃብ ያልሞቱ ላሞች ጠግበው ሞቱ። ሰው የክፉ ዓይን ሥራ ነው አለ። ቀይ ፍየል ታረደ። ላሞቹ ግን ይወድቃሉ።

አንጓች የምታወርዳቸው የድሆች ላሞች አልተንቀጠቀጡም። እነሱ ሸለቆው አፋፍ ሲደርሱ ወደ መራር ውሃ ይሮጣሉ። እሷም አትከለክላቸውም። ይህን ልብ አለችና ወደ አባ ቢረሳው ሄደች። አባ ቢረሳው ጭቃ ሹም ናቸው፤ የመንደሩ አለቃ። ከብቱን ሁሉ መራር ውሃ አስወርዱት አለቻቸው። አባ ቢረሳው ሳቁ።

«ላም በውሃ የምትድን ከሆነ እኔም ምላሴን ልዘፍዝፍበት፤ ምናልባት ከነገረኛነቴ ይፈውሰኝ ይሆናል» አሉ።

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንጓችም አብራ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን አልሄደችም። ደጃቸው ላይ ቆማ ዋለች። ወደ ማታ የአባ ቢረሳው የእርሻ በሬ ጆሮው መርገብገብ ጀመረ። ያን ጊዜ «ውሰጂው» አሏት። ወሰደችው። ጠጣ። አልወደቀም። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ከብቱን ወደ ሸለቆው ነዳ። ሞቱም ቆመ። ያመሰገናት አልነበረም። ሣሩ ስለጠነከረ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ የዳሳሽ ባል ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። ሞቷል የሚል አልመጣም፣ አለ የሚልም አልመጣም። ዳሳሽ ፍርሃት ገባባት። የሚያስፈራ ነገር የለም፤ እሷ ግን ትፈራለች። ልቧ እንደተባረረ ሚዳቋ ይዘላል። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እንስራ ማንሳት አቃታት። ጣሪያው ይወድቅብኛል ብላ ደጅ ታድር ጀመር። ጠበል ወሰዷት። ክታብ አሰሩላት። ጥቂት ጊዜ ደህና ትሆናለች፤ ከዚያ ይመለስባታል። ጎረቤቱም ባል አምሯት ነው፣ ሌላ ፈልጉላት እያለ ያሾፍባት ነበር።

አንጓች መጥታ እጇን ያዘች። አገላብጣ አየችው።

«ልጄ፣ እንደ ላሞቹ ነው እኮ የምትንቀጠቀጪው» አለቻት።

መራሩን ውሃ በማሰሮ ቀድታ አመጣች። እሳት ላይ ጣደችው። ውሃው ፈልቶ ፈልቶ ሲያልቅ ከማሰሮው ቂጥ ውርጭ የመሰለ ነጭ ነገር ቀረ። ፍቃ አደረቀችው። ከመስጠቷ በፊት ጠየቀቻት። እግርሽ ያብጣል ወይ? ሽንትሽ በደንብ ይወርዳል ወይ? እግሩ ያበጠና ሽንቱ ያነሰ ፍጡር፣ ላምም ይሁን ሰው፣ መራሩ ገብቶ አይወጣለትም ትል ነበር። አንዲት ያበጠች ላም ጠጥታ እንዳንቀላፋች ስትሞት አይታለች።

ዳሳሽ እግሬም ደህና ነው፣ ሽንቴም ደህና ነው አለች። አንጓች እጇን ታጠበች። የትንሿ ጣቷ ጥፍር ረጅም ነበር። ጥፍሯን ሞላች። በዋንጫ ውሃ በጠበጠች። ሰጠቻት። አጠገቧም ተቀመጠች።

«እማማ አንጓች፣ ይሄ ፍርሃቴን ይገድልልኛል?» አለች ዳሳሽ።

«አይገድልም። ሰውነትሽን ትንሽ ያላላዋል። ፍርሃቱን ግን ተቀምጠን ነው የምናሳልፈው።»

ሁልጊዜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመጣለች። እጇን ትታጠባለች። ጥፍሯን ትሞላለች። ትበጠብጣለች። አጠገቧ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን ስለ ላሞቹ ጠባይ ታወራላታለች፤ አንዳንድ ቀን ምንም አታወራም። አዝመራው ሲደርስ ዳሳሽ ቤት ውስጥ መተኛት ቻለች። እንስራም አነሳች። መራሩ ይሁን አብሮ መቀመጡ፣ የትኛው እንደረዳት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በሌላው ዓመት እመት እንጉዳይ ታመሙ። እግራቸው አበጠ፣ ፊታቸውም አበጠ። ሽንታቸው አነሰ። ከሕመሙ ይልቅ ያሰቃያቸው ፍርሃቱ ነበር። ሞት በር ላይ ቆሟል እያሉ የልጃቸውን ቀሚስ ይዘው አይለቁም። ዳሳሽ ያን ፍርሃት ታውቀዋለች። ወደ አንጓች ሮጠች። አንጓች መጥታ እግራቸውን በጣቷ ጫን አለችው። ጣቷ የገባበት ጎድጉዶ ቀረ።

«ለእሳቸው አይሆንም» አለች።

ዳሳሽ ለመነቻት። አልሆነም። ጉልበቷ ላይ ወደቀች። አልሆነም። አንጓች አብሬ እቀመጣለሁ ብላ ከእመት እንጉዳይ አጠገብ ቁጭ አለች። ዳሳሽ ግን መቀመጥ ለእናቷ መድኃኒት አልመሰላትም። ለእኔ የሰጠችኝን ለእናቴ ነፈገችኝ አለች በሆዷ።

በማግስቱ አንጓች ከብት ይዛ ሸለቆ ወረደች። ዳሳሽ ጎጆዋ ገባች። ማሰሮውን አወረደች። ጥፍር አልሞላችም፤ እፍኝ ሞላች። እናቴ ብዙ ፈርታለች፣ ብዙ ያስፈልጋታል አለች። በጠበጠች። አጠጣች። እመት እንጉዳይ መረረኝ አሉ። ከዚያ ቀሚሷን ለቀቁ። ዳሳሽ ደስ አላት። ከዚያ እጃቸው ዛለ። ከዚያ ዓይናቸው ተከደነ። ከዚያ ትንፋሻቸው ራቀ፣ ራቀ፣ ራቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንጓች እንደ ልማዷ ልትቀመጥ መጣች። የምትቀመጥለት ሰው አልነበረም።

ለቀስተኛው ዋንጫው ላይ የቀረውን ነጭ ነገር አየ። ይህ የዚያች የላሞች ሚዜ መራር ነው አለ። መንደሩ ተሰበሰበ። አባ ቢረሳው ይህን መራር ማን ሰጠ ብለው ጠየቁ። ዳሳሽ አፏን ከፈተች። እናቷን የገደለች ሲሏት በጆሮዋ ሰማችው፤ ገና ማንም ሳይናገር ሰማችው። አፏን ዘጋች። እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አንጓች ያን እጅ አየች። ከእጁ ላይ ዓይኗን አነሳች።

«ማሰሮው የእኔ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ማሰሮዋን ሰበሩት። ከቁልቋሉ አጥር ውጪ አስወጧት። እሳትም ከለከሏት። በዚያ ዘመን እሳት የተከለከለ ሰው የሞተ ሰው ነው፤ ማንም ፍም አይሰጠውም፣ ማንም ምድጃው ዳር አያስቀምጠውም። አንጓች ስትወጣ በዳሳሽ ደጅ አለፈች። ቆም አለች።

«ልጄ፣ የትንሿን ጣትሽን ጥፍር አሳድጊው» አለቻት። አለፈች።

ከመራር ውሃ አጠገብ አንድ ዋሻ ነበር። እዚያ ገባች። ክረምት ነበር። ዝናቡ አያቋርጥም። ጭስ ከዋሻው አይወጣም። ዳሳሽ ከደጇ ሆና ወደ ሸለቆው ታያለች፤ ጭስ የለም። በገል ላይ ፍም አድርጋ ተነሳች። ምድጃው ዳር እንኳ ሳታልፍ ሰው ያየኛል ብላ ተመለሰች። በሌላ ቀን ፍሙን ይዛ ተነሳች። እስከ ቁልቋሉ በር ሄደች። ልቧ ዘለለ፣ ተመለሰች። በሌላ ቀን ፍሙን በነጠላዋ ከልላ በሩን አለፈች። ሸለቆውን ወረደች። ዝናቡ መታት። ዋሻው አፍ ስትደርስ ፍሙ ከሰል ሆኗል።

አንጓች ከዋሻው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ጉልበቷን አቅፋ። ከተቀመጠች ቆይታለች። ላሞቹ ዋሻው አፍ ላይ ቆመው ነበር።

ዳሳሽ የጠፋውን ከሰል በገሉ እንደያዘች ወደ መንደሩ ተመለሰች። በአባ ቢረሳው ደጅ ሰው ተሰብስቧል፤ እረኞች ሞቷን ቀድመው አይተው ነግረው ኖሮ፣ የአንጓች ሬሳ ቤተ ክርስቲያን ይግባ አይግባ እያለ ይከራከራል። ገሉን መሬት ላይ አኖረችው።

«እናቴን ያጠጣኋት እኔ ነኝ። እሷ ከልክላኝ ነበር። ሰርቄ በእፍኝ ሰጠኋት» አለች።

 አባ ቢረሳው «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን አስቀመጠሽ?» አሏት።

«ፈራሁ። እሳቱን ይዤላት ሄጄ ነበር። እጄ ላይ ጠፋ።»

አባ ቢረሳው ያንን ከሰል አዩት። ከአጥሩ ያስወጧት እሳቸው ናቸው። እሳቱን የከለከሉት እሳቸው ናቸው። በሬያቸው ደግሞ እዚያው ከበረት ቆሞ ያመነዥካል። ሳቅ የማያጣቸው ሰውዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ዳሳሽ ልትቀጣ ይገባል ያለ ነበር፤ እኔ ልቅጣት የሚል ግን አልተገኘም። ፍም የነፈገ ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ነበርና። አንጓችን ከእመት እንጉዳይ አጠገብ ቀበሯት።

በተከታዩ ክረምት ሣሩ እንደገና ባንድ ጊዜ ለመለመ። ላሞች ተንቀጠቀጡ። ሰዎችም ያን ሁሉ ካዩ በኋላ እንቅልፍ ያጡ ብዙ ነበሩ። መጠኑን የሚያውቅ ከዳሳሽ በቀር አልነበረም። ጥፍሯ አድጎ ነበር። ወደ ፈራው ሰው ቤት ስትሄድ መጀመሪያ ፍም ይዛ ትገባለች። ፍሙን ከሰውየው ምድጃ ታኖራለች። ከዚያ «እናቴን በእፍኝ የገደልኩ፣ አንጓችን በዝምታ የገደልኩ ዳሳሽ ነኝ» ትላለች። ከዚያ ስለ እግሩና ስለ ሽንቱ ትጠይቃለች። ያበጠ ከሆነ አትሰጥም፤ ትቀመጣለች። ደህና ከሆነ እጇን ትታጠባለች። ጥፍሯን ትሞላለች። ትበጠብጣለች። አጠገቡ ትቀመጣለች። ስትነሳም ይቅር በለኝ ትላለች። ሰውየው ይቅር ካላላት በማግስቱ ተመልሳ ትመጣለች። እስክትሞት እንዲህ አደረገች ይባላል። ፍርሃቱም እስክትሞት አልለቀቃትም ይባላል።

ዛሬ ቁልቋል በር ጤና ጣቢያ አለ። መራር ውሃ የሚያፈላ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ላሞቹ ግን አሁንም ይወርዳሉ። የአገሩ ሴቶችም የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር አይቆርጡም፤ ለምን ቢሏቸው የአንጓች ነው ይላሉ። ሰው ሲጨነቅ ጎረቤቱ ፍም በገል ይዞ ይሄዳል፤ ክብሪት ሞልቶ እያለ ይዞ ይሄዳል። የራሱን ጥፋት ይናገራል። እግርህ አብጧል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይቀመጣል። ሲነሳም ይቅርታ ይለምናል።

እኔ ለእህቴ እሳት አልያዝኩላትም። ብልቃጥ አስጨብጬ በሬን ዘጋሁ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።