ከፊት የሚሄደው እምቢልታ

ረዳ ከተከዜ ማዶ ሲመለስ ሱሪውን እንኳ ሳይጨምቅ ነበር ቤት የገባው። እግሩ ሥር ውሃ ተኛ።

«አገኘሁት» አለ።

አባቱ አያ ቢሻው መደብ ላይ እንደተቀመጠ ቀና አለ። «ዜማውን?»

«ዜማውን።»

«እስቲ ንፋው።»

ረዳ ትንሹን እምቢልታውን አንሥቶ አንዴ «ሁ…» አሰኘ፤ ዝም አለ። ደግሞ አሰኘ፤ ዝም አለ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አከታተለና ከንፈሩን ጠረገ።

«ሌላውስ?» አለ አያ ቢሻው።

«የምን ሌላ? የኔ ቦታ ይሄው ነው።»

እምቢልታን ለማያውቅ ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ሸመል የራሱን ድምፅ ያወጣል፣ በቃ። ሦስት ሰው ተራ እየጠበቀ ሲነፋ ነው ዜማ የሚሆነው። እምቢልታ ነፊም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያጠናው የራሱን ቦታ ብቻ ነው። ረዳ አዞ ያለበትን ወንዝ እስከ ደረቱ ገብቶ ተሻግሮ፣ ማዶ ሦስት ቀን ተጉዞ፣ ወንዝ መሻገር የማይችሉ ሦስት ሽማግሌዎችን ለምኖ አስነፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ውሎ፣ የዜማውን ሲሶ ይዞ መጣ። አያ ቢሻው ሊቆጣ አሰበ። ግን እሱም ዐርባ ዓመት ሲነፋ የጓደኞቹን ድምፅ አጥንቶ አያውቅም።

ዜማው የተፈለገው ለአያ ቢሻው ሚስት፣ ለልጆቹ እናት ነው። ለተብርሃን ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ከአጥሚት በቀር አትቀምስም፤ አትናገርም። ጠበሉም ሥራ ሥሩም ተሞከረ። በመጨረሻ አንዲት የማዶ ሴት ገበያ ስትመጣ አየቻትና «እኛ አገር እንዲህ የሆነች ሴት፣ ሙሽራ ሆና ከአባቷ ቤት የወጣችበት ዜማ ይነፋላታል። እሱ ይጠራታል» አለች። ለተብርሃንም የማዶ ልጅ ናት። የዚያን ቀን ሙሽራው ራሱ አያ ቢሻው ነበር፤ ግን እሷን ሲያይ ዜማውን አልሰማም።

አያ ቢሻው የሴትዮዋን ነገር ሲሰማ ቄሱ ባሉበት ተሳለ። «ለተብርሃንን ከአልጋ ያስነሣ ልጄ፣ መሪው እምቢልታ የሱ ይሁን» አለ። መሪው ከአያቱ የወረደው ረጅሙ ሸመል ነው። እሱን የያዘ በሠርግም በጥምቀትም ከፊት ይሄዳል፤ ሌሎቹ ዕድሜ ልካቸውን ጀርባውን እያዩ ይከተላሉ። ሦስቱም ልጆቹ መሪውን ሲያዩ ዓይናቸው እንዴት እንደሚሆን አያ ቢሻው ያውቃል።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። መካከለኛው እምቢልታ ከተሰቀለበት ሲወርድ ነቀዝ በልቶት ተሰነጠቀ። እርጥብ ሸመል እስኪደርቅ ዓመት ይፈጃል። ሁለተኛው ልጅ ሞላ ስንጥቁን አየና ምንም ሳይል ወጣ። ቤቱ ሄዶ ጣራው ላይ ወጣ፤ ጭስ ጠግቦ የደረቀውን ሸመል መዘዘው። የጣራው እኩሌታ አብሮት መጣ።

ሚስቱ ከሥር ቆማ «ያገባሁት ጣራ ያለው ሰው መስሎኝ!» አለች።

«ጥር ነው፤ ምን ዝናብ አለ?»

«ሰኔ አይመጣም?»

«ሰኔ ሲመጣ እናያለን።»

ሸመሉን በጋለ ብረት ወግቶ፣ ሞርዶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲስ እምቢልታ ይዞ ከተፍ አለ። ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ ግን መቼ እንደሚነፋው አያውቅም።

ሦስተኛው ልጅ ስጦታው ይባላል። ትንፋሹ አጭር ነው ተብሎ እምቢልታ ተከልክሎ ያደገ ልጅ ነው። ሁለቱን ወር እናቱን ሲያነሣ፣ ሲያገላብጥ፣ አጥሚቱን በማንኪያ ሲያቀምስ የከረመ እሱ ነው። ወንድሞቹ «አስታማሚዋ» እያሉ ይስቁበታል። አሁንም ረዳ ያንኑ ቦታውን ደግሞ ሲነፋ ከእናቱ እግርጌ ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ፣ እግሯ!» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ረዳ ሲነፋ ዝም ይላል። ረዳ ዝም ሲል አውራ ጣቷ ይመታል። ዜማው እኮ እሷ ጋ ነው! ረዳ የራሱን ይንፋ፤ የቀረውን ከእግሯ እንቀበላለን።»

አያ ቢሻው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየ። ከዚያ ተነሣና መሪውን እምቢልታ ከግድግዳው አውርዶ ለስጦታው ሰጠው፤ ሌላ የቀረ እምቢልታ የለማ።

ረዳ «እሱ ደግሞ በምን ትንፋሹ!» አለ።

«አንተ ንፋ» አለ አያ ቢሻው።

ረዳ ነፋ። አውራ ጣቷ ሲመታ ስጦታው ሞላን በክርኑ ጎሸመው፤ ሞላ ነፋ። እግሯ እንደገና ሲመታ ስጦታው ራሱ ነፋ። መጀመሪያ ላይ ተሳከረ። «ጎኔን ጨረስከው እኮ!» አለ ሞላ። «ከዘገየህ እጎሽምሃለሁ» አለ ስጦታው። በሁለተኛው ዙር ትንሽ ሻል አለ። በሦስተኛው ዜማው እንደ አንካሳ አህያም ቢሆን መሄድ ጀመረ። አያ ቢሻው በሠርጉ ቀን ያመለጠውን ዜማ ያኔ ሰማው።

ለተብርሃን ፊቷን አዞረች።

«ኧረ ቀስ በሉ!» አለች። «ሙሽራዋን ልታስሮጧት ነው?»

ተነሥታ ተቀመጠች። «ደግሞ ምን አለ የሚበላ?»

የዚያን ቀን ማን ስለ ስለት ያስባል! ሁሉም አለቀሰ፤ ሁሉም ሳቀ። ነገር የመጣው እሑድ ጠዋት ነው። የጎረቤት ልጅ ሊያገባ ሚዜዎቹ እምቢልታ ሊወስዱ መጡ። ለተብርሃን በራሷ እግር ደጅ ወጥታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። መሪው እምቢልታ ተመልሶ የአያ ቢሻው ጉልበት ላይ ነው። ሦስቱ ልጆች ፊቱ ቆመዋል፤ ከኋላ ልሁን የሚል የለም።

ረዳ «እኔ ወንዙን ባልሻገር ምን ሊነፉ ነበር?» አለ።

ሞላ «በምንስ ሊነፉ ነበር? በመዳፋቸው?» አለ።

ስጦታው «እኔ እግሯን ባላይ እስከ ዛሬ ሁ፣ ሁ ስትሉ በነበረ» አለ።

«አንተ ያየኸው እኔ ስነፋ አይደል?» አለ ረዳ።

«የነፋኸው እኮ ሲሶ ነው!»

«የኔ ጣራ ግን ሲሶ አይደለም» አለ ሞላ።

አያ ቢሻው መሪውን አገላበጠው። ሦስቱም ልክ ናቸው። አብረው ከፊት ይሂዱ እንዳይል፣ ወደ ሙሽራዋ ቤት የሚወስደው የገደል መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስለቱን ልተወው እንዳይል፣ ቄሱ ሰምተዋል።

«አያ ቢሻው!» አለ ሚዜው ከአጥሩ ውጭ፤ «ሙሽራውን ፀሐይ በላው እኮ!»

አያ ቢሻው ወደ ሚስቱ ዞረ። «የዳንሽው አንቺ ነሽ» አላት፤ «ማን አዳነሽ?»

ለተብርሃን ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸውና ሳቀች።

«እኔማ የሰማሁት አንድ ዜማ ነው። የትኛው ሁ የማን እንደሆነ ምን ለየሁ? አንዱ ወንዝ ገባልኝ፣ አንዱ ጣራውን አፈረሰልኝ፣ አንዱ እግሬን ሲያይ ከረመ። አንዳቸው ቢቀሩ ዛሬም ግድግዳውን እያየሁ ነበር። የተሳልከው ግን አንተ ነህ፤ እኔ ተኝቼ ነበር። በል ሰውየው፣ ሙሽራው ቆሟል፤ የትኛው ልጄ ነው ከፊት የሚሄደው?»