ጋሼ ጫማ

ተረት ተረት፤ የበረዶ በረት። ተሳስቼ አስታውሼው ይሆናል፤ ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ እንጨቶች በቀበሮ እግር ታስረው ረጅም ውድድር ወጡ። የተቀደመው የቀደመውን ዕድሜ ልኩን «ጋሼ» ሊለው ተማማሉ።

«ቀደምኩህ!» አለ ግራው።

«ሞኝህን ፈልግ! የቀደምኩት እኔ ነኝ» አለ ቀኙ፤ በየእርምጃው ይፈራረቁ ነበርና።

ቢቸግራቸው ቀኙ ላይ የታሰረውን ጫማ «ማን ቀደመ?» አሉት።

«አሁን እሱ፤ ቆዩ፣ አሁን ደግሞ አንተ… እኔንም አደናገራችሁኝ!»

የመጨረሻው መስመር ላይ ቀኙ ተስፈንጥሮ «ጋሼ በለኝ!» ሲል ዳኛዋ ጉጉት፣ «የአንተን ጫፍ ማን ጠየቀ? የማየው ጫማውን ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ጫማውን «ጋሼ» ሲሉት፣ እሱ ማንን እንደሚጠሩ ዞር ዞር እያለ ይፈልጋል።

ኋላ የበረዶ ሸርተቴ ውድድርን ደንብ አይቼ አረጋገጥኩ፤ ተወዳዳሪዎች ተቀራርበው ሲገቡ በፎቶ ታይቶ አሸናፊውን የሚለየው የጫማው ጫፍ ነው።