የአመዱ ዋስ

ተረት መጣች። «በየት በኩል?» በሉኝ። በጓሮ በኩል። «ምን ተሸክማ?» በሉኝ። የጎረቤት አመድ ተሸክማ። እንግዲህ ጠጋ በሉና አውርዱላት።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ እንደ ሰው በሚያወራበት፣ ሰው ደግሞ እንደ አውሬ ዝም በሚልበት ዘመን፣ ጥላ አምባ የምትባል አገር ነበረች። ንጉሧ አያ አንበሶ ነበር። አያ አንበሶ ጎፈሩን ይወዳል። አገሩንም ይወዳል፤ ከጎፈሩ ቀጥሎ። ሲመሽ ጎፈሩ ለሕዝቡ አልታይ ይልና ሆዱ ይባባል። ስለዚህ አዋጅ አስነገረ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በየዋሻው ደጅ ብርሃን ይብራ።

በዚያ አገር አንድ የቆየ ሕግ ነበር። ከውጭ መጥቶ የሚቀመጥ እንግዳ ሁሉ ዋስ ይጠራል። ዋሱም ከእንግዳው ጋር በቁራኛ ይታሰራል፤ ጅራት ለጅራት፣ በልጥ፣ እንግዳው ከአገር እስኪወጣ ድረስ። ቀልድ የለም። አንድ ጊዜ ዝንጀሮ ለከርከሮ ዋስ ሆነና ክረምቱን ሙሉ ከከርከሮው ጋር ጭቃ ላይ ሲንከባለል ከረመ። ከዚያ ወዲህ ዋስ የሚባል ቃል ሲሰማ ጅራቱን ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል።

በዚያው አገር እሜቴ ፍልፈል የምትባል፣ ልጆቿን ከመሬት በታች የምታሳድግ እናት ነበረች። ዓይኗ አያይም። ብርሃን በራ፣ ብርሃን ጠፋ፣ ለእሷ ያው ነው። ቤቷ ሦስት ጓዳ ነበረው፤ የላይኛው፣ የመካከለኛው፣ የታችኛው። ከታችኛው በታች አለት ነው። ጥፍር አይበሳውም።

መጀመሪያ እንጨት ነደደ። ወይራው ነደደ። ጥዱ ነደደ። ግራሩ ነደደ። አገሩ በራ፤ ጭሱ ግን የንጉሡን ጎፈር አጠቆረው፣ ንጉሡንም አስሳለው። አመዱም ተቆለለ። የት ይደፋ ተባለ። ፍልፈል ጉድጓድ አላት ተባለ። ደግሞ አታይም፣ ምን ይሆናታል ተባለ። ደፉባት። እሜቴ ፍልፈል አቤት ብትል፣ አገር ሲበራ አንቺን ምን ከፋሽ አሏት። ልጆቿን ሰብስባ ወደ መካከለኛው ጓዳ ወረደች።

ዛፍ አለቀ። የቀረችው ንጉሡ ችሎት የሚያስችልባት ዋርካ ብቻ ነበረች፤ እሷም የተረፈችው ጥላዋ ንጉሡ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ያን ጊዜ ቀበሮ መጣ። ከውጭ አገር ነው የመጣው፤ አካሄዱ ራሱ ይናገራል። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ገበታ አስጭኗል። ይህ ገበታ ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ማታ ብርሃን ይተፋል አለ። እውነቱን ነው፤ አበራው፣ ታየ። ጭስ የለ፣ አመድ የለ።

«ጉድለት የለውም?» አለ ንጉሡ።

«ጉድለት? ምርቃት አለው እንጂ፣ ጃንሆይ።»

ገበታውን ለመሥራት አንድ ሙሉ ተራራ ተቆፍሮ ነበር፣ ወንዙም ደፍርሶ ነበር። ግን ተራራው የጎረቤት አገር ነው። የጎረቤት ተራራ ደግሞ ጉድለት ተብሎ አይቆጠርም።

ገበታው ባዶ ሜዳ ላይ ይዘርጋ ተባለ። ባዶ የተባለው ሜዳ ላይ ሚዳቋዎች ይግጡ ነበር። ሜዳው ሲሸፈን ሣሩ ገረጣ፣ ሚዳቋዎቹም በገበታው ጠርዝ ለጠርዝ እየዞሩ አፈር መላስ ጀመሩ። ክረምት ገባ። ደመና ሲመጣ ገበታው አኮረፈ። በረዶ ሲጥል ደግሞ ግማሹ ተሰበረ፣ ስብርባሪው ሰኮና በላ። ቀበሮ ተጠርቶ ሲጠየቅ፣ እኔ ብርሃን አመጣለሁ እንጂ ስብርባሪ ላነሣ አልተዋዋልኩም አለ። የት ይጣል ተባለ። ያው ታውቃላችሁ። እሜቴ ፍልፈል ልጆቿን ሰብስባ ወደ ታችኛው ጓዳ ወረደች። ትንሿን ልጅ ስትወርድ ስብርባሪው እግሯን ቆረጣት።

ወደ እንጨቱ እንመለስ ያሉም ነበሩ። ጥሩ አሳብ ነው። ዛፉ ግን ለስብሰባው አልደረሰም።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ መጣ። አንዲት ጡጫ የምታህል ድንጋይ ይዟል። ይህች ድንጋይ ያለ እሳት ትግላለች አለ። ጭስ የላትም። ደመና አታውቅም። ክረምት ከበጋ ታበራለች፤ ሜዳም አትወስድም። እውነቱን ነው፤ አበራት፣ ታየ። ከገበታው ሁሉ በለጠች። እሷን ለማቀዝቀዝ የሚፈሰው ውሃ ምንጩን ለብ ስላደረገው እንቁራሪቶች አጉረመረሙ እንጂ ሌላው ሁሉ ወደዳት። እንቁራሪት ደግሞ መቼ ሳታጉረመርም አምሽታ ታውቃለች?

«ጉድለት የላትም?» አለ ንጉሡ።

«ጉድለት? ምርቃት አላት እንጂ፣ ጃንሆይ።»

«አመድስ?»

«አንዲት ጋን ብቻ። ትንሽ ትሞቃለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትበርድ» አለ አያ ጅቦ።

ንጉሡ መልሱ ጥርት ያለ ነው ብሎ ተደሰተ። እሱ ያልጠየቀውን ግን የችሎቱ ሕግ አዋቂ፣ ሽማግሌው አሞራ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ። ለካ ጋኗ የምትበርደው የልጅ ልጅ ልጆች አርጅተው፣ የእነሱም የልጅ ልጆች አርጅተው፣ ጥላ አምባ የምትባል አገር እንደነበረች የሚያስታውስ ሲጠፋ ነው። እስከዚያ የነካት ጸጉሩ ይረግፋል። ያልጠበቃት አገሩ ይረግፋል።

እንግዲህ የት ትቀመጥ ተባለ። ማንም ብዙ አላሰበም። አዋጅ ነጋሪው ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ፣ ነገ አንዲት ጋን ትወርድልሻለች፣ ተዘጋጂ አላት።

እሜቴ ፍልፈል የታችኛውን ጓዳ ግድግዳ ዳበሰች። አለት። ወለሉን ዳበሰች። አለት። ልጆቿን አንድ በአንድ ዳበሰች። ከዚያ ወደ ላይ ትቆፍር ጀመር። አመዱን በስታ፣ ስብርባሪውን በስታ፣ ደም በደም ሆና ዋርካዋ ሥር ብቅ አለች። ችሎቱ ሞልቷል። ጋኗም እዚያው ተቀምጣ እንፋሎቷ ይወጣል።

ሁሉም ልታለቅስ ነው ብሎ ጠበቀ። ለማልቀስ የመጣ ድሃ ደስ ይላል፤ ትንሽ ይታዘንለትና ይሸኛል። እሷ ግን እጅ ነሣች።

«ጃንሆይ፣ አልቀበልም አላልኩም። እንግዳ ልቀበል ነው። ሕጉ ይጠበቅልኝ፤ ዋስ ይጠራልኝ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አመድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆነው ተባለ።

እሜቴ ፍልፈል ፊቷን ወደ አያ ጅቦ ሽታ መለሰች። «አያ ጅቦ፣ ይህች ጋን የአገር ልጅ ናት ወይስ ከውጭ የመጣች?»

«የምን የአገር ልጅ» አለ አያ ጅቦ ኮራ ብሎ። «ከውጭ ናት።»

«አላፊ ናት ወይስ ተቀማጭ?»

«ተቀማጭ ናት።»

«ስትቀመጥ ዝም ብላ ነው ወይስ ካልጠበቋት ታጠፋለች?»

አያ ጅቦ አሁን ነቃ። ግን አፉ ቀድሞት ሄዷል። «መጠበቁስ ደግ ነው» አለ ወደ መሬት እያየ።

ሽማግሌው አሞራ ጉሮሮውን ጠረገ። ከውጭ የመጣ፣ የሚቀመጥ፣ ሊያጠፋ የሚችል ከሆነ እንግዳ ነው፣ ሕጉ ይህ ነው አለ። ሳቁ ቆመ። ዝንጀሮ ጅራቱን ይዞ ዋርካዋ ላይ ወጣ። ቀበሮ ሳል ያዘው። አያ ጅቦ ድንገት ለቅሶ እንዳለበት አስታወሰ።

እሜቴ ፍልፈል ራሷን ነቀነቀች። «ይገርማል። ጉድለት የላትም የተባለች እንግዳ ዋስ አጣች። እኔ እንኳ ዓይን ስለሌለኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ብርሃን አንድ ደፋር አይታይም?»

ጎፈር ያለው ይህን ሰምቶ ዝም አይልም። አያ አንበሶ ብድግ አለ። ጎፈሩን ነሰነሰ። አገሩ ሁሉ እያየው ነው፤ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለ።

እልልታው ቀለጠ። እንዲህ ያለ ንጉሥ አይተንም አናውቅ ተባለ። እልልታው እስኪያልቅ እሜቴ ፍልፈል በትዕግሥት ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ልጥ አምጡ» አለች።

የንጉሡ ጅራት ከጋኗ ጆሮ ጋር ታሰረ። አያ አንበሶ ልጡን በአንድ ንክሻ ሊበጥሰው ይችል ነበር። ግን ሕጉን የደነገገው አያቱ ነው፣ ዙፋኑም የመጣለት በዚያው ሕግ ነው። ልጡ ከተበጠሰ ዙፋኑም ይበጠሳል። አንበሳ ፍልፈል ጉድጓድ ስለማይገባ ጋኗም ከእሱ ጋር ከላይ ቀረች፤ ጀርባውንም ለበለበችው። ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«እስከ መቼ ነው?» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

«እስክትበርድ ነዋ፣ ጃንሆይ።»

ያን ጊዜ ንጉሡ በአንድ ጀንበር ብልህ ሆነ። ጋን ጀርባ ላይ ሲሆን ብልህነት ይፈጥናል። በጠራራ ፀሐይ የሚበራ መብራት ለምንድነው አለ፤ ጠፋ። ማንም በማያድርበት ዋሻ ደጅ የሚበራው ለማን ነው አለ፤ ጠፋ። የጎፈር ማሳያውም ጠፋ። ለድንጋዪቱ ግማሽ ሥራ በቃት፣ አመዷም ቀነሰ። ቀሪው ገበታ ከሚዳቋዎቹ ሜዳ ተነሥቶ ሣር በማያበቅለው በንጉሡ ዋሻ ጣሪያ ላይ ተዘረጋ። እያንዳንዱ እንጨት አንዳጅ ከፍልፈል ቤት የድርሻውን አመድ ዝቆ አወጣና ችግኝ ተክሎ ሥሩን በአመዱ አለበሰ።

ቀበሮ ስብርባሪውን ይልቀም ተብሎ ተፈረደበት። እስከ ዛሬ አፍንጫውን መሬት ላይ ጥሎ የሚዞረው አልጨርስ ብሎት ነው። አያ ጅቦ የሚቀጥለውን ጋን በወገቡ ይሸከም ተባለ። ወገቡ ጎብጦ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንበሳስ ቀን ቀን ለምን የሚተኛ ይመስላችኋል? ሌሊት አመድ ሲጠብቅ እያደረ ነው። ሲሞት ልጁ ዘውዱንም ጋኗንም ወረሰ፤ አንዱን ያለ አንዱ አይሰጡትም።

እሜቴ ፍልፈል ልጆቿን ይዛ ወደ ላይኛው ጓዳ ተመለሰች። ብርሃኑ ዛሬም አይታያትም። ሲጠፋ ግን ትሰማዋለች።

ለዚህ ነው የጥላ አምባ ሰዎች፣ እሳት የሞቀ አመዱን ይዛቅ የሚሉት።

ተረቴን ውሰዱ፤ ዳቦውም ይቅርብኝ። ስትወጡ ብቻ መብራቱን አጥፉ።